ሩሊንግ ፔን፣ ራፒዶግራፍ ወይስ ፋይንላይነር? ለጂኦሜትሪ ረቂቅ ንድፍ የትኛው ይበጃል

ለጂኦሜትሪ ረቂቅ ንድፍ አንድ ብዕር ብቻ ምረጡ ብንባል መልሳችን ያገለገለ ሩሊንግ ፔን ነው። ራፒዶግራፍ፣ ማለትም በቀጭን የብረት ቱቦ ቀለም የሚያወርደው ብዕር፣ ሁለተኛ ይወጣል፤ ፋይንላይነር፣ ማለትም የቃጫ ጫፍ ያለው ብዕር፣ ሦስተኛ፣ ያውም ከሁለቱ በጣም ርቆ። አሮጌ ነገር ስለምንወድ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ንድፍ ከመሣሪያው የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ስለሆነና ያንን የሚያሟላው እሱ ስለሆነ ነው። ችግሩ ሩሊንግ ፔን ሳይሳልና ሳይስተካከል ከተገዛ ከሁሉም የባሰ ሆኖ መገኘቱ ነው። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮ የሚጥለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ላላየው ሰው፦ ሩሊንግ ፔን ማለት በእጀታው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የምታሰፋና የምታጠብ አንዲት ትንሽ ብሎን ማለት ነው። ቱቦ የለውም፣ ቀለም ማጠራቀሚያም የለውም። ቀለሙ በምላሶቹ መካከል ተይዞ ይቆያል፣ ጫፉ ወረቀት ሲነካ ይወርዳል። በድሮ የድራፍቲንግ (የቴክኒክ ንድፍ) ሣጥኖች ውስጥ ከኮምፓሱ አጠገብ ተጋድሞ የሚገኘው እሱ ነው። የጀርመኑ ሮትሪንግ ራፒዶግራፍን ለገበያ ያወጣው በ1953 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቅስትና ቀጥታ መስመር በቀለም ያወጡ የነበሩ ሠዓሊዎች በእጃቸው የነበረው ሩሊንግ ፔን ነበር።

መመዘኛችን ሩሲያዊው ሠዓሊ አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1915 በኮምፓስና በማስመሪያ የሠራቸው የቀለም ንድፎች ናቸው። ሌላው ሠዓሊ ቭላድሚር ታትሊን በ1916 ሞስኮ ላይ ባዘጋጀው «መደብር» በተባለው ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ቀርበዋል። ቅስቶች እርስ በርሳቸው ይቆራረጣሉ፣ ቀጥታ መስመሮች መሐላቸውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። በመቆራረጡ የተፈጠሩት ቁርጥራጭ ቦታዎች ከፊሎቹ በድፍን ጥቁር ይሞላሉ፣ ከፊሎቹ ባዶ ይቀራሉ። ለዚህ የሚመረጡ ሥራዎች ሌሎችም ነበሩ፤ ነገር ግን መሣሪያን እንደ እነዚህ አፍረጥርጦ የሚፈትን የለም። የብዕሩ ጉድለት የሚሸፈንበት ጥላ የለም፣ ልስልስ ያለ ሽግግር የለም፤ ያለው ጠርዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ የፈተና ገጹ እንዲህ ነው። 25 በ20 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሬዲየሳቸው 20፣ 45 እና 90 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ክቦች፤ የ20ውና የ45ቱ ማዕከል አንድ ነው፣ የ90ው ማዕከል ወደ ጎን ወጣ ይላል። አሥራ ሁለት ቀጥታ መስመሮች አሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ ለክብ ታካኪ ናቸው፣ አምስቱ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። በመጨረሻም አራት ቁርጥራጭ ቦታዎች በጥቁር ይሞላሉ። ይህን ገጽ በንጽሕና የሚያወጣ መሣሪያ ሌላውንም ያወጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ለዩ። «ጂኦሜትሪ» ሲባል ሁሉም በማስመሪያ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ነው። ሠዓሊው ካዚሚር ማሌቪች የሱፕሬማቲዝም (በንጹሕ ጂኦሜትሪያዊ ቅርጾች የሚሠራ ሥዕል) ሐሳቦቹን ብዙ ጊዜ የጫራቸው በእርሳስ፣ በትንንሽ ወረቀት፣ አንዳንዴም በሒሳብ ደብተር ዓይነት ካሬ ወረቀት ላይ ነው። የ1915ቱ «ጥቁር ካሬ» ራሱ 79.5 በ79.5 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ ተሥሎ ጎኖቹ ከሸራው ጠርዝ ጋር ትይዩ አይደሉም። የሆላንዱ ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን በዚያው ዓመት ባሕሩንና የወደብ ድልድዩን ወደ አጫጭር የመደመር ምልክት መሰል መስመሮች ሲቀንሳቸው የተጠቀመው ከሰል ነው፤ መስመሮቹ በእጅ የተሰመሩ ናቸው፣ ይወፍራሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ይቆማሉ። በዚህ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው ኤችቢ እርሳስ፣ የከሰል ዘንግና ካሬ ወረቀት ይግዛና ገንዘቡን ያትርፍ። ከዚህ በታች ያለው አይመለከተውም።

የሚመለከተው የሮድቼንኮን፣ የሩሲያዊውን የኤል ሊሲትስኪንና የሃንጋሪያዊውን የላስሎ ሞሆይ-ናጊን መንገድ የሚከተለውን ነው። ሊሲትስኪ ጀርመን፣ ዳርምሽታት ውስጥ አርክቴክቸር የተማረ ሰው ነው፤ ፕሩን ብሎ በሰየማቸው ሥራዎቹ ላይ የድራፍቲንግ ጠረጴዛ ልማድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሊሲትስኪም ሞሆይ-ናጊም በ1923 ሐኖቨር በሚገኘው የኬስትነር ማኅበር በኩል የሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ የሚታተም ሥዕል) ጥራዝ አሳትመዋል። በእነዚያ ሥራዎች ውስጥ ፀጉር የሚያህል መስመር ከትልቅ ድፍን ቅርጽ ጋር ተጎራብቶ ይቆማል። የመስመር ውፍረት ልዩነት ጌጥ አይደለም፣ የሥራው ግማሽ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ በሩሊንግ ፔንና በራፒዶግራፍ መካከል የሚፈርደው እሱ ነው።

ሩሊንግ ፔን ሲሠራ

ቀለም የሚሞላው በጠብታ ማድረጊያ ወይም በትንሽ ብሩሽ ነው። ብዕሩን ጠርሙስ ውስጥ መንከር ዋናው የጀማሪ ጥፋት ነው፤ የምላሱ ውጪ ቀለም ይይዛል፣ ያ ቀለም ማስመሪያውን ይነካል፣ ከማስመሪያው ሥር ተስቦ ወረቀቱን ያበላሻል። ምላሶቹን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፈቱ፣ ከጎን ጠብታ አስገቡ፣ ቀለሙ ከጫፉ ወደ ላይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ ከበለጠ ክብደቱ ራሱ ያወርደዋልና ጫፉ ወረቀት በነካ ቅጽበት ኩሬ ይሠራል። ካነሰ ደግሞ መስመሩ መሐል መንገድ ላይ ይጠፋል። ከሞላችሁ በኋላ የምላሶቹን ውጪ በጨርቅ ጥረጉ፣ ብሎኑን ወደምትፈልጉት ውፍረት አጥብቁ።

ውፍረቱን በዓይን መገመት አይቻልም። መለኪያው በዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ የሚሰመር ሙከራ ነው፤ በሌላ ወረቀት ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር የወጣ መስመር ቀለም የሚጠጣ ወረቀት ላይ 0.6 ሊሆን ይችላል። ጥሩ ስሪት የሆኑት ብሎናቸው ራስ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት አላቸው፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ከያዛችሁ ብዕሩን አጥባችሁ ስትመለሱ ያንኑ ውፍረት ታገኛላችሁ። ይህ ከሌለው በአንድ ገጽ ላይ አንድ ውፍረት ያላቸውን መስመሮች ሁሉ ብሎኑን ሳትነኩ ጨርሷቸው።

አያያዙ ከጽሕፈት ይለያል። ብዕሩ ቆም ይላል፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ብቻ ያጋድላል። ወደ ማስመሪያው ወይም ከማስመሪያው አይጋደልም። ብሎኑ ከማስመሪያው በተቃራኒ በኩል ወደ ውጪ ይሁን። ሁለቱም ምላሶች ወረቀቱን እኩል መንካት አለባቸው። ግፊት የለም፤ የብዕሩ ክብደትና ትንሽ የጣት ምሪት ይበቃል። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሲጀመርም ሲቆምም እጅ በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ይውረድ፣ ይነሣ። ጫፍ ላይ አንድ ሰከንድ የቆመ እጅ እንክብል ነጥብ ይተዋል።

የሚበላሸው እንዴት እንደሆነ መስመሩ ራሱ ይናገራል፤ ማንበቡን ከቻላችሁ መፍትሔው ቀላል ነው። የመስመሩ አንደኛው ጠርዝ ጥርት ብሎ ሌላው ከተሸረፈ ብዕሩ ወደ ጎን አጋድሏል ወይም ምላሶቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም። መስመሩ ሁለት ቀጫጭን ጠርዝ ሆኖ መሐሉ ባዶ ከቀረ ቀለሙ አልቋል ወይም ክፍተቱ ለዚያ ቀለም ከመጠን በላይ ሰፍቷል። ሲጀምር ወፍሮ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ እጃችሁ ብዕሩን ወደ ማስመሪያው እየተጫነው ነው፤ ውስጠኛው ምላስ ይታጠፍና ክፍተቱ ይጠባል። አልጀምር ካለ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ደርቋል፤ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጉ፣ ካልሆነም ባዶ አድርጋችሁ እንደገና ሙሉት። ከማስመሪያው ሥር ቀለም ከተሳበ ደግሞ የማስመሪያው ጠርዝ ወረቀቱን ነክቷል ማለት ነው። ለዚህ ከሴት ስኩዌሩ (ከባለ ሦስት ማዕዘኑ ማስመሪያ) ሥር፣ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ድርብ ፕላስተር ለጥፉ። ጠርዙ ከወረቀቱ ከፍ ሲል ቀለሙ የሚሳብበት መንገድ ያጣል። የፕላስተሩ ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የአምስቱ መስመሮች መገናኛ ነጥብ ሩሊንግ ፔን የሚያስቸግርበት ቦታ ነው። መስመሮች በጠባብ ማዕዘን ሲገናኙ ያልደረቀው ቀለም ከአዲሱ ጋር ይቀላቀልና መገናኛው ጥቁር ኩሬ ይሆናል። አሠራሩ ከነጥቡ ወደ ውጪ ማስመር፣ እያንዳንዱን ማድረቅ፣ ከዚያ ቀጣዩን ማስመር ነው። ሰዓት ይፈጃል። ራፒዶግራፍ በዚህ በኩል ይሻላል፤ የሚያወርደው ቀለም ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

እንግዲህ ሩሊንግ ፔንን ለምን አስቀደምነው? አንደኛ፣ የሚጥለው የቀለም ሽፋን ወፍራም ስለሆነ መስመሩ ድፍን ጥቁር ነው፤ የእርሳሱን ንድፍ በላጲስ ስታጠፉ አይደበዝዝም። ሁለተኛ፣ ከፀጉር ቅጥነት እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ድረስ በመካከል ያለውን ውፍረት ሁሉ ይሰጣል። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ብሩሽ የሚቀበለውን ፈሳሽ ቀለም አብዛኛውን ይቀበላል። ጉዋሽ (ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም የውኃ ቀለም) በውኃ አቅጥናችሁ እንደ አጥሚት ሲፈስ በብሩሽ በምላሶቹ መካከል አስገቡት፣ ቀይ መስመር፣ ነጭ መስመር፣ በጥቁር ላይ ነጭ መስመር ታገኛላችሁ። ድፍን ጥቁር ቅርጽ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ነጭ መስመር ማስመር ለሊሲትስኪ ዓይነት ሥራ ግዴታ ነው፤ ራፒዶግራፍ ውስጥ ጉዋሽ ያስገባ ሰው ግን ያንን ብዕር ዳግመኛ አይጠቀምበትም። ጉዋሽ በምላሶቹ መካከል ከቀለም ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ በየሦስት አራት መስመሩ ጠርጎ መሙላት ያስፈልጋል። ይኸው ነው ዋጋው።

ያገለገለ ስትገዙና ስትስሉ

በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና በኢንተርኔት ላይ አሮጌ የድራፍቲንግ ሣጥኖች በብዛት ይወጣሉ፤ ኮምፒውተር ቢሮዎቹን ከያዘ ወዲህ ፈላጊ የላቸውም። በአራው ከተማ የነበረው የስዊዘርላንዱ ኬርን፣ በኔስልቫንግ የነበረው የጀርመኑ ሪፍለር፣ በኬምኒትዝ የነበረው ሪኽተር ስማቸው የታወቀ ነው። ስሙ ግን ዋስትና አይሆንም። በሚያምር ቬልቬት ሣጥን ውስጥ ጫፉ የደነዘ ብዕር ሊተኛ ይችላል፤ ሣጥኑ ያማረ ሁሉ ጥሩ አይደለም።

የምታዩት ይህን ነው። ብሎኑን ስትፈቱት ምላሶቹ በራሳቸው ጉልበት ተገፍተው ይከፈቱ፤ ካልተከፈቱ ብረቱ ደክሟል። ስታጠብቁት ጫፎቹ እኩል ይገናኙ። ከጎን በብርሃን ፊት ያዙት፤ አንዱ ከሌላው ከረዘመ መሳል ይፈልጋል፣ ይህ ይስተካከላል። በውስጠኛው ገጽ ላይ በዝገት የተቦረቦረ ቦታ ካለ ግን ተዉት፤ ቀለም እዚያ ይሰበሰባል፣ ይደርቃል፣ መጥረጊያ አያገኘውም። በመስቀለኛ መገጣጠሚያ የሚከፈቱ ምላሶች ያሏቸው ዓይነቶች ብሎኑ ሳይነካ ስለሚጸዱ ውፍረቱን አያጠፉም፤ ካገኛችሁ ቅድሚያ ስጧቸው።

መደነዙን ለማወቅ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት። ጫፉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ከታየ ደንዟል፤ ስል ጫፍ ብርሃን አይመልስም።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ላይ፣ የደቃቅነት ቁጥሩ 1000 በሆነው ላይ ቅርጹን አውጥታችሁ 3000 ወይም ከዚያ በላይ በሆነው ጨርሱ። መጀመሪያ ብሎኑን አጥብቃችሁ ምላሶቹን ግጠሙ። ብዕሩን ድንጋዩ ላይ አቁማችሁ፣ መስመር እንደምታሰምሩ አድርጋችሁ፣ ከአንድ ወገን ጋደል ከማለት ጀምሮ ወደ ሌላው ወገን እስከሚጋደል እያወዛወዛችሁ በቀስታ ሳቡ። ይህ ሁለቱን ምላሶች እኩል ያደርጋል፣ ጫፉንም ሞላላ ቅርጽ ይሰጠዋል። ሹል ጫፍ አትፈልጉ፤ ቀለም ወደ ሹል ጫፍ አይወርድም። በጣም ሰፊ የሆነም ትልቅ ኩሬ ያወርዳል። እዚህ ላይ ብዕሩ ቅርጹ አምሮ ፈጽሞ የደነዘ ይሆናል፤ እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው።

ቀጥላችሁ ምላሶቹን ትንሽ ክፈቱ። የአንዱን ምላስ ውጪ ድንጋዩ ላይ ወደ መተኛት በተጠጋ ማዕዘን አስተኝታችሁ፣ የቅርጹን ክብነት ተከትላችሁ እያዞራችሁ፣ የሚያብለጨልጨው ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ሳቡ። ከዚያ ሌላውን። በየጥቂቱ እያቆማችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ነጥቡ ከጠፋ በኋላ የቀጠለ ሰው አንዱን ምላስ ያሳጥራል፣ ከመጀመሪያውም ይጀምራል። ውስጠኛውን ገጽ አትሳሉት። ጠፍጣፋ ሆኖ ካልቀረ ቀለሙን እኩል አይዝም። እዚያ የቀረውን ደቃቅ የብረት ፍቅፋቂ ወፈር ያለ ወረቀት በምላሶቹ መካከል አሳልፋችሁ አውጡት። በመጨረሻ ያለ ቀለም ወረቀት ላይ ሳቡት፤ ወረቀቱን ከቧጨረ ወይም ከቆረጠ ከመጠን በላይ ተስሏልና ገጥማችሁ ድንጋዩን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አስነኩት።

ኮምፓሱ

ከብዕሩ ያነሰ ክርክር አለው። እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ላለው ክብ በብሎን የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ኮምፓስ ይሻላል፤ በመሐሉ ያለው ጥርስ ስፋቱን ይዞ ስለሚያቆየው ክቡ ሲዘጋ መጀመሪያውና መጨረሻው ይገጥማል። በጣት ተከፍቶ በግጭት ብቻ የሚቆም ኮምፓስ ለእርሳስ እንጂ ለቀለም አይበቃም። ለ90 ሚሊ ሜትሩ ክብ ግን ትልቁ፣ ጉልበቶቹ የሚታጠፉት ያስፈልጋል። ሁለቱንም እግሮች ጉልበታቸው ላይ አጥፋችሁ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ካላደረጋችሁ የብዕሩ አንዱ ምላስ ብቻ ይነካና ክቡ በውጪው በኩል ይሸረፋል። ገበያ ላይ ካሉት አዳዲስ የተማሪ ኮምፓሶች ብዙዎቹ ጉልበት የላቸውም፤ ለቀለም የማይሆኑበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

መርፌው ከብዕሩ ጫፍ በጥቂቱ ይርዘም፣ ትከሻ ያለው መርፌ ይሁን፤ ትከሻው ጠልቆ እንዳይገባ ይይዘዋል። አንድ ማዕከል ያላቸውን ክቦች ከትንሹ ጀምሩ፤ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ የሚፈጠረው ስሕተት በትንሹ ክብ ላይ ከሁሉ በላይ ይታያል። ማዕከሉ ባዶ ሆኖ የሚቀር ቦታ ላይ ከወደቀ ቀዳዳው እንዳይታይ ትንሽ ካርቶን በፕላስተር ለጥፋችሁ መርፌውን እሱ ላይ ትከሉ። ኮምፓሱ በአንድ ትንፋሽ፣ በሰዓት አቅጣጫ፣ ወደፊት ትንሽ ጋደል ብሎ ይዙር። ተደርቦ የዞረ ክብ ይወፍራል።

ራፒዶግራፍ

በጎ ጎኑ ትንሽ አይደለም። በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ወረቀት ሲነካ ከፍ ይልና ቀለም ያሳልፋል። መስመሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፣ ቀለም ለመሙላት ማቆም የለም፣ ውፍረቱ በቁጥር ይታወቃል። የተለመዱት መጠኖች 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 እና 1.0 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ እያንዳንዱ ከቀደመው 1.4 እጥፍ ገደማ ነው። ሃያ ትይዩ መስመሮች በእኩል ውፍረት ለሚፈልግ ሥራ ሩሊንግ ፔን አይወዳደረውም። ሦስት ብቻ የምትገዙ ከሆነ 0.25፣ 0.5 እና 1.0 ያዙ፤ በመካከል ያሉት ልዩነታቸው ከሩቅ አይለይም።

ጉድለቱ ሦስት ነው። አንደኛው መደፈን፤ ለጥቂት ሳምንት ሳይሠራበት የተቀመጠ 0.18 እና 0.25 ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። ብዕሩን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉ፤ በውስጡ ያለችው ክብደት ጠቅ ጠቅ ስትል ካልተሰማች ተይዛለች። ጫፉን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ሽቦውን ከቀጫጭኖቹ ውስጥ ማውጣት አይመከርም፤ ከወጣ ሳይታጠፍ የመመለሱ ነገር የዕድል ጉዳይ ነው። ለራሱ ከተሠራው ቀለም ሌላ አታስገቡ፤ በተለይ ሼላክ የተባለ ሙጫ ያለበት ውኃ የማይነካው ጥቁር ቀለም ቱቦውን ለዘለዓለም ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ሸካራ ወረቀት ላይ የወረቀቱን ቃጫ እየሰበሰበ ይቆማል። ሦስተኛው ጉድለት አይደለም የሚሉ አሉ፤ መስመሩ በጣም እኩል ነው። ለኢንጂነር ይህ ምስጋና ነው። ለዚህ ሥራ ግን ገጹ የታተመ እንጂ የተሰመረ አይመስልም፣ በስስ ቀለሙ ምክንያትም ከተሞሉት ጥቁር ቦታዎች አጠገብ መስመሩ ገርጥቶ ይታያል።

ኮምፓስ ላይ ለመግጠም ማያያዣ ይፈልጋል፤ ስትገዙ የብዕሩ አንገት ለማያያዣው መግጠሙን እዩ።

ፋይንላይነር

ለሙከራና ለሐሳብ መጫሪያ ይሁን። ጫፉ ቃጫ ስለሆነ በብረት ማስመሪያ ጠርዝ ቶሎ ይበላል፣ ይሰፋል። 0.3 ብሎ የጀመረው ወረቀቱ ሳያልቅ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ቀለሙና ወረቀቱ

ለሩሊንግ ፔን የሚሆነው በተለምዶ ቻይና ኢንክ የምንለው ጥቁር ቀለም ነው፤ ሼላክ ያለበት ዓይነት ከደረቀ በኋላ ውኃ አይፈታውም፣ ስለዚህ በላዩ ጉዋሽ ማስኬድ ይቻላል። ክዳኑ ለረጅም ጊዜ ክፍት የቆየ ጠርሙስ ይወፍራል፤ ቢቀጥንም ጭቅቅቱ አይጠፋም፣ ብዕሩ ውስጥ ይቀራል። አዲስ ግዙ።

ወረቀቱ በሙቅ የተጫነ ለስላሳ የውኃ ቀለም ወረቀት ወይም ብሪስቶል የተባለው ለስላሳ ጠንካራ ወረቀት ይሁን። ለስላሳነቱ ብቻ አይበቃም፤ ሙጫ በደንብ የጠጣ መሆን አለበት። ሙጫው ያነሰ ወረቀት ላይ ቀለሙ በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል ይሰራጫል፣ የመስመሩም ጠርዝ ይጠጉራል። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ክብደቱ ለመስመር ብቻ 200 ግራም በካሬ ሜትር ይበቃል፤ ሰፊ ጥቁር ቦታ ለሚሞላበት ግን 300 ይሁን፣ ካልሆነ እርጥቡ ቦታ ያብጥና ገጹ ይሸበሸባል። በላጲስ የተፋቀ ቦታ ላይ ቀለም እንደ ሌላው አይይዝም፤ ስለዚህ እርሳሱን በ2ኤች፣ በቀላል እጅ፣ ሳትደጋግሙ ሥሩ። ሐሳቡን በሌላ ወረቀት ጨርሳችሁ የተወሰኑትን መስመሮች ብቻ ወደ ደኅናው ወረቀት አስተላልፉ።

ገጹ ሲሠራ

ቅደም ተከተሉ ልማድ ብቻ አይደለም። ቅስቶች ከቀጥታ መስመሮች ይቀድማሉ፤ የተሰመረን ቅስት ቀጥታ መስመር ተጠግቶ ሊገጥመው ይችላል፣ የተሰመረን መስመር በኮምፓስ መግጠም ግን የሩብ ሚሊ ሜትር ስሕተት እንኳ አይፈቅድም። የታካኪውን መነሻ ነጥብ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከማዕከሉ ወደ ታካኪው ቀጤ ነክ የሆነው መስመር ክቡን የሚቆርጥበት ቦታ ነው። ምልክቱ ከሌለ ብዕሩ ወይ ቀድሞ ይነሣል ወይ አልፎ ቅስቱን ያወፍረዋል። የብዕሩ መስመር ውፍረት ስላለው የመስመሩ መሐል በእርሳሱ ላይ ይዋል፣ ጠርዙ አይደለም፤ ይህን የረሳ ሰው መገጣጠሚያው ላይ ደረጃ ያገኛል።

ከቅስቶቹ በኋላ ቀጫጭን መስመሮች፣ ቀጥሎ ወፍራሞቹ። ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ መስመር በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ሁለቱን ጠርዞች አስምራችሁ መሐሉን በብሩሽ ሙሉት። ሙሌቱ ከሁሉ በኋላ ነው። ጠርዙ መጀመሪያ በሩሊንግ ፔን ይከበባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ቁጥር 2 ብሩሽ ጠርዙን በመጠኑ እንዲነካ ይደረጋል፣ ለሰፊው ቦታ ትልቅ ብሩሽ ይገባል። አንዱን ቦታ ሳታቋርጡ በአንድ ጊዜ ጨርሱ፤ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ከተሞላ ተደራቢው ቦታ ሲያብለጨልጭ መጋጠሚያው ይታያል። እርሳሱ የሚጠፋው ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ በለስላሳ ላጲስ ነው።

የተሳሳተ መስመር ሊነሣ ይችላል፣ ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ። አዲስ ምላጭ በጠፍጣፋው ይዛችሁ ቀለሙን ብቻ ፋቁ፣ ቦታውን በጥፍር ጀርባ ወይም በማንኪያ ጀርባ አለስልሱት። በዚያ ላይ እንደገና የሚሰመር መስመር ቀጭን ይሁን፣ ቀለሙም ትንሽ፤ ሙጫው ስለተነሣ ይጠጣል። የተሻለው ዘዴ በነጭ ጉዋሽ ማስተካከል ነው፣ ወረቀቱ ነጭ ከሆነ።

ማን ምን ይግዛ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው አንድ ያገለገለ ሩሊንግ ፔን፣ የሩሊንግ ፔን ጫፍ የሚገጠምለት ባለ ጉልበት ኮምፓስ፣ 45 እና 60 ዲግሪ ሴት ስኩዌር፣ አንድ ጠርሙስ ቻይና ኢንክ፣ ነጭና ቀይ ጉዋሽ፣ ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ይያዝ። ትይዩ መስመር የሚበዛበት ሥራ የሚወድ 0.25 እና 0.5 ራፒዶግራፍ ይጨምር። በየቀኑ የማይሠራ ሰው ራፒዶግራፍ ባይገዛ ይመረጣል፤ ከሚያሰምርበት ይልቅ የሚያጥብበት ጊዜ ይበዛልና።

ሩሊንግ ፔን ሲያበቃ ምላሶቹ ተከፍተው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጉ፣ በደረቅ ይደገሙ። የደረቀ ሼላክ ካለ ትንሽ አሞኒያ ያለበት ውኃ ይፈታዋል፤ በብረት አትፋቁት። በምላጭ ፍቆ ያጸዳ ሰው ውስጠኛውን ገጽ ቧጭሯል ማለት ነው፣ ቀለሙም ከዚያ በኋላ ጭረቱን ተከትሎ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ አስነክታችሁት፣ ብሎኑን አላልታችሁ አስቀምጡት፤ ተጠብቆ የሰነበተ ምላስ የመከፈት ጉልበቱን ያጣል። ዘይቱን ግን ከመሥራታችሁ በፊት ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ቅባት የነካው ምላስ ቀለም አይዝም።